የጆሃንስበርግ ቅርበት

ለቅሶ ቤት የሚበዛው ሐዘንተኛ አይደለም፤ አዋቂ ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለው ተረት ለወላይታ ሶዶ የለቅሶ ድንኳኖች የተተረተ ይመስለኛል።

አክስቴ ያረፈችው በማለዳ ነው። አንድ ልጇ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው። የዚያን ዕለት የቤተሰቡ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ ልጁ ፊቷን ሳያይ እንዳትቀበር።

ከጎኔ የተቀመጠው ጎረቤታችን፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ንፍሮውን እያላመጠ ስልኩን ከፈተና ከጆሃንስበርግ አዲስ አበባ ያለውን የበረራ ሰዓት ፈለገ።

«አምስት ሰዓት ከምናምን!» አለ፣ አውሮፕላኑን ራሱ የሚያበር ይመስል። «እኔ እዚህ ቅርብ ካለችው ከቦምቤ መኪና ጠብቄ ሶዶ እስክገባ ልጁ ቦሌ ያርፋል።»

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ከቦሌ ሶዶ ላለው መንገድ ግማሽ ቀን ጨመሩበትና ቀብሩ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ቆረጡ። ልጁ ምን ዓይነት ቲኬት እንደሚገዛ ያሰበ አልነበረም። እንዴትስ ይጠየቅ? መሞቷ አልተነገረውም። «ትንሽ አሟታል፣ መጥተህ እያት» ነው የተባለው።

«እውነቱን ንገሩት» አልኩ።

«መጽሐፍ ማንበብ እንዲህ ያደርጋል?» አሉኝ የዕድሩ ዳኛ። «መርዶ በስልክ ይነገራል? ማን ደግፎት ያልቅስ?»

መርዶ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞ ሲነገር አይቻለሁ፤ ደግ ሥርዓት ነው። ያንገሸገሸኝ ደግነቱ አይደለም። ልጁን እንዳይቸኩል አድርገው እየነገሩት፣ እነሱ የሚቸኩል ሰው ሰዓት ማስላታቸው ነው።

በማግስቱ የቢጠና ከተማ ዘመዶች ሁሉ ደርሰው፣ መዘምራኑም ቆመው ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ናይሮቢ ነኝ! ረከስ ያለውን ቲኬት ይዤ እዚህ አደርኩ። የአዲስ አበባው የሚነሳው ማታ ነው። ለእማዬ ብርድ ልብስ ገዝቼላታለሁ። እስቲ አገናኘኝ።»

ዳኛው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አስተማሪው «ተኝታለች በለው» ሲል አንሾካሾከልኝ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት አስከሬን ሌላ ሌሊት እንደማይቆይ ሁላችንም እናውቃለን።

«እናትህ ሞታለች» አልኩት። «ትናንት ጠዋት። አሁን ልንቀብራት ነው።»

«ቲኬቱን ስገዛ ሞታ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ቀጥታ የሚመጣው እኮ ቦታ ነበረው፣ ጋሼ።»

ዳኛው በወላይትኛ አጉረመረሙና ወደ አማርኛ ተመለሱ፤ «በሰው አገር ብቻውን አስለቀስከው!»

እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ፊታቸውን ማየት አስጠላኝ። አስተማሪው ግን አሁንም ስልኩን እየነካካ፣ ናይሮቢማ ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ እንደሆነች አበሰረኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መማሩን ጠላሁ።

«ስልኩን አትዝጋው» አለ ልጁ።

ሬሳው ሲነሳ ስልኩን እንደተከፈተ ይዤ ተከተልኩ። «ዝጋው፣ ነውር ነው!» የሚሉኝን ዞር ብዬም አላየኋቸው። የልጁ ልቅሶ እምብዛም አይሰማም ነበር። ጎልቶ የሚሰማው የአየር ማረፊያው ድምፅ ማጉያ ነው። ሌሎች መንገደኞችን በስማቸው እየጠራ፣ የአውሮፕላናቸው በር ሊዘጋ መሆኑን ደጋግሞ ያሳስባቸዋል።