ማዘጋጃ ቤቱ አጥር ውስጥ የቀሩት አግዳሚዎች

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ስሟን የማልጠራት ከተማ አለች። እዚያ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ነበረኝ። ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ባትሪ ድንጋይ እሸጥ ነበር። ስለዚህ በዚያ ግቢ በር ላይ የሆነውን ማንም አልነገረኝም፤ ቁጭ ብዬ በዓይኔ አይቻለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አንጀቴ ሲያር ኖሮ ዛሬ ልናገረው ነው።

ቀድሞ በማዘጋጃ ቤቱና በመንገዱ መካከል ሰፊ ሜዳ ነበር። ባለጉዳይ ያርፍበታል፤ ከገጠር ቡናና ሙዝ ተሸክሞ የመጣ ሰው ሸክሙን አውርዶ ይተነፍስበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ያማረ ነበር አልልም። ሲዘንብ ጭቃ ነው፤ ደግሞ በእኛ አገር የማይዘንብበት ቀን መቼ ኖሮ! ግን የሰው ነበር።

አንድ ዓመት ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሜዳው በሽቦ ታጠረ፤ ሣር ተተከለበት፤ ድንጋዩ ሁሉ ኖራ ተቀባ። ዛፉ እንኳ እስከ ወገቡ ኖራ ተቀባ። ዛፍን ኖራ ምን ያደርግለታል? «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆመ፤ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠለጠለ። መናፈሻ ነው አሉን። እሺ፣ ማን ይናፈስበት? ባለጉዳዩ ከሽቦው ውጭ፣ ቦዩ ዳር፣ ዝናብ እየወረደበት ይቆማል፤ ሣሩ ውስጥ ተንደላቆ ይኖራል።

ይህም ባልከፋ። የከፋው የእድራችን አግዳሚ ነገር ነው።

የሰፈራችን እድር የሁላችንም ነበር፤ የቤንቹም፣ የካፋውም፣ ወላጆቹ ከወሎ የመጡት የእኔ ቢጤውም፣ ከጅማ የመጡት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም። ቡና ጥሩ ባወጣበት ዓመት አዋጥተን ከዋንዛ እንጨት ሃያ አግዳሚ አሠራን። የእኛ መሬት ውሃ ያዘለ ነው፤ እንደ ሌላው አገር ምንጣፍ አንጥፎ መሬት ላይ መቀመጥ የለም። ድንኳን ያለ አግዳሚ ምንድን ነው? ትልቅ ጃንጥላ ነው። ንብረት ያዥዋ እኔ ነበርኩ። ከለቅሶ ሲመለሱ አጥቤ፣ አድርቄ፣ መጋዘን ውስጥ ደርድሬ እቆልፍባቸዋለሁ። አንድም ቀን ደጅ አሳድሬያቸው አላውቅም።

የእድሩ ዳኛ ቤታቸው ከሱቄ ቀጥሎ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የከተማው ግማሽ በእሳቸው እጅ ፊደል ቆጥሯል። የተጣላ ሰው በራቸው ላይ ታርቆ ነው የሚሄደው። እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳትና ውበት ኃላፊ፣ አንድ ሸሚዙ ያልተጨማደደ ወጣት፣ እሳቸው ዘንድ መጣ።

«አባቴ፣ አግዳሚዎቹን ለአንድ ቀን ያውሱን። ማታውኑ እንመልሳለን።»

«ጋሼ፣ ይቅርብን፤ እምቢ ይበሉ» አልኳቸው እዚያው ፊቱ።

«አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ቀን እኮ ነው። እንግዳ የሁላችንም ነው» አሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ መንግሥት በራቸው ድረስ መጥቶ እባክዎ ሲላቸው የመጀመሪያው ነበር። ሄጄ መጋዘኑን ከፈትኩ።

እንግዶቹ መጡ፣ ተቀመጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ማታ አግዳሚው አልተመለሰም። በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ሠራተኞች የአግዳሚዎቻችንን እግር ሣሩ ውስጥ እየቀበሩ ሲሚንቶ ያፈሱበታል! ሌላው ከኋላ ከኋላ እየተከተለ አረንጓዴ ቀለም ይቀባል። ኧረ በሕግ! ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ እየሮጥኩ ደረስኩ። «ታዘን ነው» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ወጣቱን ቢሮው ገብቼ ያዝኩት። ፈገግ አለ።

«እናቴ፣ እንግዶቹ መናፈሻው መቀመጫም አለው ብለው በጣም አመሰገኑን። አሁን የከተማው ውበት አካል ሆኗል።»

«የምን ውበት? የለቅሷችን ወንበር ነው!»

«የከተማው ማለት እኮ የእናንተም ማለት ነው።»

«የእኛ ከሆነ በሩን ክፈትና እንቀመጥበት።»

«እሱማ ሲቀመጡበት ይበላሻል» አለኝ።

ሰማችሁ? ወንበር ሲቀመጡበት ይበላሻል! ደሜ ፈላ። ያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ወዲያ ያልረገጥኩት ቢሮ የለም። ከንቲባው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከንቲባው ሚዛን ሄደዋል። ከንቲባው ማሻ ናቸው። ከንቲባው ከማሻ ተመልሰው ስብሰባ ላይ ናቸው። አንዴ ብቻ መኪናቸው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ደረስኩባቸውና ነገሩን ተናገርኩ። «ጉዳዩ ይጠናል» አሉኝ፤ የመኪናው በር ተዘጋ። አግዳሚ ምኑ ይጠናል? አራት እግርና አንድ ጣውላ ነው! ነገ ዛሬ ሲሉ ክረምት ገባ፤ ያም አልፎ ሌላ ክረምት መጣ።

በዚህ መሃል ሰፈራችን ውስጥ አንዲት አራስ ሞተች። መንገዱ ዳር ድንኳን ተከልን፤ ሰው መጣ፤ መቀመጫ የለም። አንዱ የቢራ ሳጥን ገለበጠ፣ አንዱ ድንጋይ አንከባለለ። ከጅማ የመጣው ባለሱቅ ጎረቤቴ ነፍሱን ይማረውና የቤቱን ምንጣፍ ሁሉ አምጥቶ አነጠፈልን፤ ምንጣፉ ወዲያው ውሃ ጠጣ። ሽማግሌዎቹ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፈው ቆሙ። ከመንገዱ ማዶ፣ ሽቦ ውስጥ፣ ሃያ አግዳሚ ባዶውን ተደርድሮ ያየናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ዳኛችን ከዚያ ቀን በኋላ ሰው አልሆኑም። እግራቸው ያብጥ ነበር፤ ልባቸው ነው ብሏቸዋል ሐኪሙ። ጠዋት ጠዋት በርጩማ አውጥተው በራቸው ላይ ይቀመጡና ማዶ ማዶ ያያሉ።

«ዝናቡ እየበላቸው ነው» ይሉኛል። «ማንም አይከድናቸውም። ቀለሙን ብቻ ነው የሚያድሱት።»

አንድ ቀን እጄን ያዙ። «እሺ ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ስሞት ሰው ጭቃ ላይ ቆሞ እንዳያለቅስልኝ። ከዚያ በፊት አስመልሺልኝ።»

«ጠላትዎ ይሙት! አስመልሳለሁ» አልኳቸው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነው፣ ልጄ።»

«ከንቲባ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ንጉሥ የሆነው?»

ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሲስቁ አላየኋቸውም። እኔም አላስመለስኩም።

በሦስተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ አረፉ። ድንኳኑን ቤታቸው ደጅ፣ መንገዱ ዳር ተከልን። ያስተማሩት ሁሉ መጣ፤ ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከየገጠሩ። ዝናቡ ደግሞ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ቆመ፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እኔ አንዱ ጥግ ቆሜ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የለመኑኝ አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር!

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ከንቲባው አጃቢዎቻቸውን ይዘው መጡ። ለዳኛችን ባለቤት እጅ ነሥተው «እግዜር ያጥናዎት» አሉ። ከዚያ ግራ ቀኝ ማየት ጀመሩ። ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚቀመጥበት ሲፈልግ ዓይኑ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

«መቀመጫ የለም እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ።

እኔ ሹክሹክታ አላውቅም። «አለ እንጂ፣ ክቡር ከንቲባ! እዚያ ማዶ ነው። ቁልፉ እናንተ ጋ ነው!»

ሰው ሁሉ ወደ ከንቲባው ዞረ። ከንቲባው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ወጣቱን ኃላፊ ጠርተው «ክፈተው» አሉት። ኪሱን ፈተሸ፣ ስልክ ደወለ፣ ከአንዱ ጋር ተንሾካሾከ። ቁልፍ ያዡ መስክ ወጥቷል አለ። መስክ! አንዲት የመናፈሻ በር የሚጠብቅ ሰው መስክ ወጥቶ ምን ሊያጠና ነው?

«ወንድ የለም እዚህ?» ብዬ ጮህኩ።

ነበረ። ወጣቶቹ ተሻግረው የአጥሩን ቋሚ ነቀሉ፤ መርገጥ የተከለከለውን ሣር ረግጠው ገቡ። የመጀመሪያውን አግዳሚ ለአራት ይዘው ብድግ ሲያደርጉት ጣውላው ብቻ መጣ። እግሮቹ ሲሚንቶው ውስጥ ቀሩ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው እጃቸው ላይ ተፈረፈረ። ላዩ አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ለቄስ! እኔ እንደ ልጅ ሳጥባቸው የኖርኩት፣ ለልጆቻችን ይተርፋል ያልነው ዋንዛ!

ከሃያው አንዱ ብቻ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር የነበረው፣ ሙሉውን ወጣ። ተሸክመው ድንኳን ውስጥ አስገቡት። ወጣቱ ኃላፊ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መሐረቡን አውጥቶ ጠረገውና «ክቡር ከንቲባ፣ ይቀመጡ» አለ። እጄን ጣውላው ላይ አሳረፍኩ። «በዕድሜ ነው!» አልኩት። ቆመው የቆዩትን አሮጊቶች አንድ በአንድ እየያዝኩ አስቀመጥኩ። ከንቲባው ቆሙ። ጫማቸውን ጭቃ እስኪውጠው፣ ለቀብር እስክንወጣ ድረስ ቆሙ።

እንግዳ አቁሞ ማስለቀስ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ነውሩን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ከንቲባውን አቁሜም ልቤ አልቀዘቀዘም። ዳኛችን የፈሩት ደርሶባቸዋል፤ ያ ሁሉ ያስተማሩት ሰው ጭቃ ላይ ቆሞ ነው ያለቀሰላቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሳምንቱ አጥሩን መልሰው አቆሙት። የተረገጠውን ሣር እንደገና ተከሉ። የተሰበሩት የአግዳሚ እግሮች ሲሚንቶ ውስጥ እንደተገተሩ ቀሩ፤ ማንም አልነቀላቸውም። ለሚቀጥለው በዓል እነሱንም ኖራ ቀቧቸው።

ቡና ሲለቀም እንደገና አዋጣን፤ አዲስ አግዳሚ አሠራን፤ መጋዘኑ ላይ አዲስ ቁልፍ ገዛሁ። ብዙም አልቆየ፣ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ተባለ። አንድ ጠዋት ያ ወጣት ኃላፊ ሱቄ በር ላይ ቆመ፤ ፈገግታውም ሸሚዙም ያው ነው።

«እናቴ፣ አግዳሚ ለአንድ ቀን ብቻ…»

ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ አየሁት። ከኋላው፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ኖራ የተቀቡት እግሮች ሣሩ ላይ ተሰልፈው ይታዩኛል።

«ያን ሁሉ እንግዳ ታዲያ ምን ላይ እናስቀምጠው?» አለኝ።

«ለዳኛችን ለቅሶ ያልተገኘ መቀመጫ ለእነሱም አይገኝም» አልኩት። «ይቁሙ።»