ኬላ ላይ የተያዘ ቆሪቻ

በመጀመሪያ ከደሴ ወደ ከሚሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ ልናገር። ሾፌሩ። ከጎኑ፣ ጫቱን ለሰንበቴ ገበያ የሚያደርስ ነጋዴ። ከሾፌሩ ኋላ አባቴ። ከአባቴ አጠገብ ዶሮ በቅርጫት የያዙ እናት። በመጨረሻው ወንበር እኔና እህቴ። ሌሎቹ መንገድ ላይ ወርደዋል።

እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት። ማታ ማታ ፌኖባርቢታል የሚባል እንክብል ትወስዳለች፤ ካቋረጠች ትወድቃለች። ከሚሴ መድኃኒቱ ጠፍቶ፣ ቤት ያለውም አልቆብን፣ ከደሴ ገዝተን እየተመለስን ነበር።

ኬላው ላይ አንድ ፖሊስ በሩን ከፈተ። መጀመሪያ ጫቱን ነካ ነካ አደረገ።

«ትኩስ ነው?»

«ዛሬ የተቆረጠ ነው ጌታዬ፣ ቅመሰው!» ነጋዴው አንድ እስር መዞ ሰጠው። ተቀበለ። ቀጥሎ የአባቴን ፌስታል አነሳ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

አባቴ አማርኛ አይቸግረውም፤ ሲደነግጥ ግን አፉ ወደ ኦሮምኛ ይሄዳል። «ቆሪቻ ሰሙ» አለ። ቆሪቻ መድኃኒት ነው፣ ሰሙ አእምሮ። በእኛ ቤት የእህቴ እንክብል ሌላ ስም የለውም። ችግሩ፣ አማርኛ «መድኃኒት» እና «እፅ» ብሎ የለያቸውን ኦሮምኛ በአንድ ቃል መጥራቱ ነው። አደንዛዥ እፅም «ቆሪቻ ሰሙ ሐዶቹ» ይባላል፤ አእምሮን የሚያደነዝዝ ማለት ነው። ፖሊሱ ኦሮምኛ የሚያውቀው ለሥራው ያህል ነው፤ ለሥራው ደግሞ ይህችን አንድ ሐረግ ሳያውቅ አልቀረም።

ከፊት በኩል «ሐዶቹ» የሚለው ቃል ወጣ። አባቴ «ኤዬ» ሲል ሰማሁ፤ አዎ ማለቱ ነው። እንክብሉ እህቴን ያረጋጋታል ወይ ተብሎ የተጠየቀ መስሎታል።

«በራስህ አፍ አመንክ! በዚህ ዕድሜህ እፅ ታመላልሳለህ?»

«ወግድ! አባትህ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ አንተ አትበላቸው!» አሉ ዶሮ የያዙት እናት።

«እማማ፣ እርስዎ ዶሮዎን ይጠብቁ።»

ነጋዴው ሳቀ። «አባባ፣ እኛ ገና ቅጠል ላይ ነን፣ እርስዎ እንክብል ላይ ደረሱ!»

«የሐኪም ማዘዣ አለው» አልኩ ከኋላ።

«አምጣዋ።»

«ፋርማሲው አስቀርቶታል።»

«አሃ! አስቀረው!»

ሕጉን በኋላ ራሴ ፈልጌ አነበብኩት። ናርኮቲክ የሚባለው አደንዛዥ እፅ አንድ ወገን ነው፣ ሳይኮትሮፒክ የሚባለው አእምሮ ላይ የሚሠራ መድኃኒት ሌላ። የእህቴ እንክብል ከሁለተኛው ወገን ተመድቧል፤ በሐኪም ማዘዣ ለያዘው ወንጀል አይደለም። ማዘዣውን ግን ሻጩ ፋርማሲ ማስቀረት አለበት። ወረቀቱን ከእጅህ የሚወስደው ያው መንግሥት ነው፤ ኬላ ላይ ቆሞ ወረቀቱ የታለ የሚልህም እሱው። ጫት ከየትኛውም ወገን የለበትም።

«ልጄ ትወድቃለች» አለ አባቴ፣ አሁን በአማርኛ። «ለአላህ ብለህ፣ የዛሬዋን ብቻ ስጠኝ።»

«ከተያዘ ማስረጃ ላይ እየቆነጠርኩ ላድልልህ?»

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። «ወይ ውረዱ፣ ወይ እንሂድ!»

እንክብሉ ኬላው ላይ ተይዞ ቀረ፤ አባቴ ከፋርማሲው ማረጋገጫ ሊያመጣ ወርዶ ወደ ደሴ ተመለሰ። እኔ እህቴን ይዤ ቤት ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት ልብስ እያጠበች ድንጋዩ ላይ ወደቀች። የታች ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ የፊት ጥርሷ ተሰበረ።

እንክብሉን የመለሱልን ከወደቀች በኋላ ነው። አጥፍተናል ያለ የለም። አቤት ብዬ ጣቢያ ሄድኩ። «ፖሊሱ ሥራውን ሠርቷል፤ አደንዛዥ ነው ብለው የተናገሩት አባትህ ናቸው» አሉኝ። በእነሱ ቤት የእህቴን ጥርስ የሰበረው የአባቴ ምላስ ነው።

አባቴ ያንን ቃል አላወጣሁም ይላል። ግን ደንግጦ ነበርና በራሱም አይተማመንም። እኔ ከኋላ ሆኜ ቃሉን ሰማሁ እንጂ ከማን አፍ እንደወጣ አላየሁም፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልጽፍም። ሾፌሩ፣ አንተ በመስታወትህ ታያቸው ነበር። ዶሮ የያዙት እናት፣ እርስዎ ከአባቴ ጎን ነበሩ። ነጋዴው፣ አንተም ስቀህ ከጨረስክ ተናገር፦ «ሐዶቹ» የሚለውን ቀድሞ ያለው ማን ነው?