የሽብሩ የፊት ጎማ

ዲላ ውስጥ ብስክሌት ነድቶ ሽብሩን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ብስክሌቱ ተበላሽቶበት አያውቅም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ብስክሌት ደግሞ በእኛ መንገድ ላይ የለም። ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አለፍ ብሎ ነው። ሱቅ እለዋለሁ እንጂ አራት ቋሚ እንጨትና ስድስት ቆርቆሮ ነው። ሽብሩ እዚያ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የተጣመመ ቸርኬ በጣቱ ያሽከረክርና፣ ዓይኑን ጨፍኖ የቱ ጋ እንደጎበጠ ይነግርሃል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ የቡሌ ሰው ነው። እኔ ባልቻ እባላለሁ፤ የጋሽ ባህሩዲን አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ከሽብሩ ጋር በየቀኑ ሻይ ስንጠጣ ስድስት ዓመት አለፈን። ከዚያ በፊት ግን ሁለታችንም ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ነበርን፤ ያውም ደሞዝተኛ!

ይህን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። እኔ የምናገረው የሆነውን ነው።

ጋሽ ባህሩዲን ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ላይ ቡና እየገዙ የሚያስጭኑ ነጋዴ ናቸው። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ለንግድ አሥመራ ሄደው የብስክሌት እሽቅድድም አዩ። የተወዳዳሪዎቹ ደረት ላይ የነጋዴ ስም ተጽፎ፣ ሕዝቡ ያንን ስም እየጠራ ሲጮህ ሰሙ። «ወላሂ፣ አሥራ አምስት ዓመት ቡና ስነግድ ስሜን በእልልታ የጠራልኝ አንድ ሰው የለም!» እያሉ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ አራት የጣሊያን ብስክሌት በአንድ ሣጥን አስመጡ። አራቱም ቁርጥ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ የአንዱን ጎማ ከሌላው መለየት አይቻልም። ባለቤታቸው እትዬ መኪያ አራት ቢጫ ካናቴራ ሰፉና ደረቱ ላይ በቀይ ክር «ባህሩዲን ቡና» ብለው ጠለፉበት። የዲላ የብስክሌት ቡድን የተመሠረተው በዚህ ዓይነት ነው፤ ሌላ ታሪክ የለውም።

አራት ሆንን። ሠረቀብርሃን የጸሐፊ ልጅ ነበር፤ መልከ መልካም፣ ምላሱ ማር የሆነ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው። ወልዱ የሥጋ ቤት ልጅ ነው፤ ጉልበት እንጂ ትዕግሥት አልነበረውም። እኔ የቡናው መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ሽብሩ ደግሞ የእንሰት ገበሬ ልጅ ነው፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሮ ዲላ ብስክሌት የሚያከራዩ ሰዎች ዘንድ ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። ከቡሌ ዲላ ያለውን ጭቃና ዳገት በእግሩ ሲመላለስበት ያደገ ስለሆነ፣ ሌላው ምላሱን በሚያወጣበት ዳገት ላይ የሱ ትንፋሽ አይሰማም ነበር።

የብስክሌት ውድድር ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ለራሱ የሚጋልብ ይመስላል። አይደለም። አንዱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይሰብራል፤ ሌላው ከጀርባው ተለጥፎ ጉልበቱን ይቆጥባል። መጨረሻው ሲቃረብ የተደበቀው ብቅ ብሎ ቀድሞ ይገባል፤ ጭብጨባውም የሱ ነው። ጋሽ ባህሩዲን አለቃ ያደረጉት ሠረቀብርሃንን ነው። ነፋስ ሰባሪው ሽብሩ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዲላ የሠረቀብርሃንን ስም እየጠራች ስታጨበጭብ፣ ሽብሩ ጥግ ይዞ የሁላችንንም ሰንሰለት ዘይት ይቀባ ነበር።

የጋሽ ባህሩዲን ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ለሹፌሮቻቸውም ለእኛም እኩል ይሠራል። «ሙሉ አድርጌ የሰጠሁህን ሙሉ አድርገህ መልስ» ይላሉ። ብስክሌት ሰብሮ የመጣ ካናቴራውን ያወልቃል። ሰበብ አይሰሙም።

በስልሳ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ወሬ መጣ። ከአሥመራም ከሌላም አገር የተሰበሰቡ ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ሊገናኙ ነው። ጋሽ ባህሩዲን ሁለት ሰው ብቻ እልካለሁ አሉ፤ ከይርጋለም ቡድን ጋር ከዲላ ይርጋጨፌ ደርሶ መልስ ስንወዳደር ከአራታችን ቀድመው የገቡት ሁለቱ ይሄዳሉ። ሽብሩ ሲመኝ ያየሁት ያንን አንድ ነገር ብቻ ነው። ሠረቀብርሃን ደግሞ ሁላችንም ባለንበት ትከሻውን አቅፎ፣ «እስካሁን አንተ ሰብረህልኛል። አዲስ አበባ ላይ ነፋሱን የምሰብርልህ እኔ ነኝ» ብሎት ነበር። ሽብሩ ይህን ቃል ለእናቱ ሳይቀር ሄዶ ነግሯል።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነበር። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው፤ ዝናቡ ገና ስላቆመ ቦዩ በየቦታው ቆርጦታል። ወልዱ ወናጎ ሳይደርስ የእግሩ ጅማት ተኮማተረበትና ወጣ። ይርጋጨፌ ደርሰን ስንዞር ሽብሩ ከፊት፣ ሠረቀብርሃን ከጀርባው፣ አንድ የይርጋለም ልጅ ራቅ ብሎ፣ እኔ ደግሞ ከሱ ኋላ ነበርን። ወናጎን ካለፍን በኋላ ዳገት ላይ የይርጋለሙን ልጅ ቀደምኩት። ከዚያ ወደ ጭጩ የሚወስደውን ቁልቁለት ስጀምር ከታች ያዩትን ዓይኖቼን እስከ ዛሬ እረግማቸዋለሁ።

ሠረቀብርሃን ቦይ ውስጥ ገብቶ ወድቋል። የፊት ጎማው ቸርኬ እንደ ቂጣ ታጥፏል። ሽብሩ ጥሎት ሊሄድ ይችል ነበር፤ ቢሄድ አንደኛ ይገባል፣ አዲስ አበባም ይሄዳል። አልሄደም፤ ወረደ። የሠረቀብርሃን ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። «ጎማህን ስጠኝ! ይርጋለሞች ከቀደሙን ቡድኑ አበቃለት። ለጋሽ ባህሩዲን እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ በእናቴ!» ሽብሩ መፍቻውን ከኪሱ አወጣ። የሱን ደህና ጎማ ፈቶ እዚያ ገጠመለት፤ የተጣመመውን ለራሱ አስቀረ። ከኋላ ገፍቶ አስነሳው። ይህን ሁሉ እጁ ሲሠራ የፈጀበት ጊዜ ሻይ ለማማሰል አይበቃም።

እኔ በአጠገቡ ሳልፍ ጎማውን በእጁ ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። «አይዞህ ሽብሩ!» አልኩትና ፔዳሌን ረገጥኩ።

ሠረቀብርሃን አንደኛ ገባ። ከኋላ የመጣው የይርጋለም ልጅ መጨረሻ ላይ ጥሎኝ ሁለተኛ ሆነ፤ እኔ ሦስተኛ። ከእኛ ቡድን ግን ሁለተኛው እኔ ነበርኩ። እልልታው ቀለጠ፣ ጋሽ ባህሩዲን ስማቸው ሲጠራ ሰምተው አለቀሱ። ሽብሩ ብስክሌቱን ተሸክሞ ሲደርስ ሕዝቡ ተበትኖ ነበር።

የተጠየቅነው በቡናው መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው። ቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች እንኳ እጃቸውን አቁመው ያዩናል። ጋሽ ባህሩዲን የታጠፈውን ቸርኬ አዩ፣ ሽብሩን አዩ።

«ምን አደረግከው ብስክሌቴን?»

«ጋሼ፣ ጎማው የሠረቀብርሃን ነው። የኔ እሱ ጋ ነው ያለው። ይንገርዎ» አለ ሽብሩ፤ ፈገግ ብሎ ነበር፣ ምንም አልፈራም።

ሁላችንም ወደ ሠረቀብርሃን ዞርን። ላቡን ገና አልጠረገም። እውነቱን ቢናገር ብስክሌት የሰበረው እሱ ነውና ካናቴራውን የሚያወልቀው እሱ ነው። ያ ምላሱ ማር የሆነ ልጅ ሽብሩን ሳያይ፣ «እኔ ቀድሜ ነበርኩ ጋሼ። ከኋላዬ ሲወድቅ ድምፁን ሰምቻለሁ እንጂ አላየሁም» አለ።

ካሃዲ! እንዲህ ያለ ክህደት በዕድሜዬ አላየሁም። ሁለት ዓመት ነፋስ የሰበረለትን ሰው፣ ጎማውን አውልቆ የሰጠውን ሰው!

ጋሽ ባህሩዲን ፍርደ ገምድል አይደሉም። ወደ እኔ ዞሩ። «ባልቻ፣ አንተ ከኋላቸው ነበርክ። ምን አየህ?»

ሽብሩ አላየኝም። ማየት ያስፈለገው አልመሰለኝም፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ዓይነት ቆሞ ነበር። እኔ ግን አዲስ አበባን አየኋት። ጋሽ ባህሩዲን ስማቸውን በእልልታ ያስጠራላቸውን ልጅ የሚያስቀሩ አልመሰለኝም፤ እንግዲህ ሽብሩ ካለ እኔ ሦስተኛ ነኝ፤ ሽብሩ ከሌለ የምሄደው እኔ ነኝ።

«ሩቅ ነበርኩ ጋሼ» አልኩ። «አቧራ ነበር።»

በጥቅምት፣ ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ፣ አቧራ! ከለቃሚዎቹ አንዷ ሳትስቅ አልቀረችም።

ሽብሩ ካናቴራውን አወለቀ። ከሥሩ ሌላ ልብስ አልነበረውም፤ አጥንቱ ይቆጠር ነበር። አጣጥፎ ለእትዬ መኪያ ሰጣቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አውልቀው ሊያለብሱት ሲሉ፣ «ይቆየኝ እትዬ፣ ላብ ነኝ» ብሎ ራቁቱን ወጣ።

አባቱ ነገሩን ሰምተው ከቡሌ ወረዱ። ጉዳዩ ሶንጎ ይቅረብ አሉ፤ ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሸንጎ ነው። «እዚያ ያየ ሰው ያየውን ይናገራል» አሉ። ሽብሩ እንቢ አለ። «ምስክር የለኝም አባዬ» ሲላቸው እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

አዲስ አበባ ሄድን። እኔ ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣሁ። ሠረቀብርሃን ጥሩ ስለጋለበ የአዲስ አበባ ቡድን ወሰደው፤ ፎቶግራፉ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ለጋሽ ባህሩዲን የምስጋና ደብዳቤ እንኳ አልጻፈም። በሚቀጥለው ዓመት ጋሽ ባህሩዲን ብስክሌቶቹን ሸጡ፣ እኔን አውቶቡስ ላይ አደረጉኝ፣ ቡድኑም ፈረሰ። ሽብሩ ደግሞ አራቱን እንጨት ተክሎ ቆርቆሮውን አለበሳቸው።

ያኔ ነው ሻይ መጠጣት የጀመርነው። መጀመሪያ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። በርጩማ ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። እኔም ሠረቀብርሃንን መስደብ ጀመርኩ። ስድስት ዓመት ሰደብኩት። ከሽብሩ ይልቅ የተከዳሁት እኔ እመስል ነበር። ሽብሩ እየሰማ ጎማውን ይጠግናል። ስለ እኔ አቧራ አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። አልሰማውም ይሆናል፣ ረስቶት ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ሠረቀብርሃን ሽማግሌ ይዞ መጣ። ወፍሯል፣ ጉልበቱ ተጎድቶ ያነክሳል፤ ውድድሩን ትቶ ቢሮ ገብቷል። ቆርቆሮው ሥር ተንበረከከና፣ «ሽብሩ፣ የገባሁበት ጎማ ያንተ ነበር። ዋሽቻለሁ» አለ። ሽብሩ ብድግ አድርጎ ሳመው። አለቀ፤ ይቅር አለው። ይመረኮዘው በነበረው ከዘራ ጫፍ ላይ የጎማ ቁራጭ ሳይቀር ሰፍቶለት ሸኘው።

እኔ ደሜ ፈላ። ሲሄድ ጠብቄ፣ «አንተ ሰው ነህ? በምን አንጀትህ ነው ይቅር ያልከው? እኔ ብሆን ፊቱን አላይም ነበር!» ብዬ ጮህኩበት።

ሽብሩ የያዘውን ቸርኬ አስቀመጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተናገረውን ያኔ ተናገረ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እሱ ከመነሻው ለራሱ ነበር፤ ለምኖኝ ሰጠሁት፣ ካደኝ። አንተ ግን ስታልፍ 'አይዞህ' ብለኸኝ ነበር። ከዚያ ብስክሌቱን ተሸክሜ ዲላ እስክደርስ፣ ባልቻ አይቷል፣ ባልቻ አይቷል እያልኩ ነው የመጣሁት። ለዚያ ነው ያልደከመኝ።»

ሻዩ በእጄ ቀዘቀዘ። ይቅር በለኝ ሳልለው ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። እሱም አልጠበቀኝም፤ ቸርኬውን አንስቶ ማሽከርከር ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ባህሩዲን መጋዘን ገባሁ። ሸምግለዋል። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ፣ «ጋሼ፣ ያኔ ሩቅ አልነበርኩም። አቧራም አልነበረም። አይቻለሁ። ሠረቀብርሃን አንደኛ የገባበት ጎማ የሽብሩ ነው» አልኳቸው።

ጋሽ ባህሩዲን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «የምን ጎማ?» አሉ። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስታውሳቸው ሞከርኩ። ጥቂት አሰቡ፣ ትዝ አላላቸውምና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በእጃቸው ወደ በሩ እያመለከቱኝ፣ «ተነስ እንግዲህ፣ የይርጋጨፌው አውቶቡስ አንተን እየጠበቀ ነው» አሉኝ።

ሄጄ ትኬት ቆረጥኩ። አውቶቡሱ በሽብሩ ቆርቆሮ ፊት ሲያልፍ እንደ ልማዴ እጄን በመስኮት አውጥቼ «አይዞህ!» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁትና መንገደኛውን ትኬት ጠየቅኩት።