ቅዳሜ የተባለው ረቡዕ

ልብስ ሰፊ ሁሉ ውሸታም ነው ይባላል። «ሐሙስ ነይ» ይላል፤ ሐሙስ ስትመጪ ጨርቁ ገና አልተቆረጠም። ይቺኛዋም ትዋሻለች፤ የእሷ ውሸት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ረቡዕ የምትጨርሰውን ቀሚስ «ቅዳሜ ይደርሳል» ትላለች። ጨርሳ ትሰቅለውና ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዋን ታየዋለች። ክሩ የላላበትን፣ ትከሻው የዘመመበትን፣ ሰው ሳያይባት ታስተካክላለች። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ሠርታለች፤ ይህን አመሏን ሊያስተዋት የሞከረ ሁሉ ደክሞት ትቷታል።

ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ልጅ የለም። መጀመሪያ ላይ «ይመጣል፣ ምን አስቸኮላችሁ» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ደግሞ ባሰ። በመጨረሻ ባልና ሚስቱ ተመረመሩ፤ የማህፀኗ ቱቦዎች ሁለቱም ተዘግተው ተገኙ። ሐኪሟ፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት፣ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳቻቸው። እንቁላሉ ከሚስትየው በመርፌ ይወሰዳል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ከባልየው ዘር ጋር ይገናኛል፤ ፅንሱ እዚያው አምስት ቀን ያህል ካደገ በኋላ በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል።

«መንገዱ ስለተዘጋ እኛ በሌላ በኩል አዙረን እናደርሰዋለን» አለች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነውና ይቺ ምሳሌ ወዲያው ገባችው።

«ከዚያስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ከዚያ መያዝ አለመያዙ የራሱ ጉዳይ ነው። እኛ እናስቀምጠዋለን እንጂ አንሰፋውም።»

አማቷ ነገሩን ሲሰሙ «በብልቃጥ የሚሠራ ልጅ የማን ይባላል?» ብለው አኩርፈው ነበር። ልጃቸው «የእኔና የእሷ ነው እማዬ፤ ሌላ ሰው የለበትም» እያለ ደጋግሞ አስረዳቸው። ከገባቸው በኋላ ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡና ቤቱን ተቆጣጠሩት። የስፌት መኪናውን ፔዳል በአሮጌ ቀበቶ ጠፍረው አሰሩት። «የሆስፒታሉ ነርስ እኮ መሥራት ትችላለች ብላለች» ቢባሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

«ነርሷ ምን ቸገራት፤ የልጅ ልጅ የምጠብቀው እኔ!»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ «አልያዘም» የሚለውን ውጤት ሦስቱም አብረው ሰሙ። አማቷ ራሳቸውን ያዙ፤ ባሏ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እሷ ሁለቱን ስታጽናና ዋለች። ማን እሷን ያጽናና? ለዚህ ነው በሁለተኛው ጊዜ ቀኑን እንደ ቀሚስ ቀጠሮ ያደረገችው። ሐኪሟ ረቡዕ ስትላት እሷ ለቤተሰቡ ቅዳሜ አለች። ረቡዕ ብቻዋን ሄዳ «አልያዘም» ተባለች፤ ሦስት ቀን ሆዷ ውስጥ ደብቃ ያዘችው፤ ቅዳሜ ደረቅ ፊት ይዛ ነገረቻቸው። ጥሩ ሠራሁ ብላ ነበር።

ይህ ሦስተኛው ነው። በሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ተቀምጦ የነበረው የመጨረሻው ፅንስ ይህ ነበር። ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው፤ ሐኪሟም እንደገና ከሀ እንዲጀምሩ እንደማትመክር ሳታድበሰብስ ነግራታለች። እውነቱን ለመናገር እሷም ዝላለች። የመርፌው ነገር አይደለም፤ የተወጋ ሆድ ይድናል። ያዛላት ተስፋ ማድረጉ ነው። ሰውነቷን ቀኑን ሙሉ ማዳመጥ፣ ጡቷ ቢያማት መደሰት፣ ባያማት መደንገጥ።

ረቡዕ ጠዋት ለአማቷ «ቁልፍ ልገዛ ነው፤ የቀሚሱ አነሰኝ» ብላ ወጣች። ደም ሰጠች። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ፊት ለፊቷ የተቀመጠች ሴት የለበሰችው ጉርድ እጥፋቱ ጠማማ ነበር፤ እሱን ስታይ ቆየች። ስትጠራ ገባች። ሐኪሟ ገና ሳትናገር ልብስ ሰፊዋ ፊቷን አንብባዋለች።

«አልያዘም። በጣም አዝናለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አለች፤ ምኑን እንዳመሰገነች እሷም አታውቅም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ወዳለው ፌርማታ ሄደች። አግዳሚው ላይ ባሏ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ተቀምጧል። አውቶቡስ የለም።

«አንተ! ሥራስ?»

«ፈቃድ ጠየቅኩ።»

«ማን ነገረህ?»

«አሥራ አንድ ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ አንቺ ቅዳሜ ካልሽ ረቡዕ መሆኑን ላላውቅ ነው?» ፊቷን አየ። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

ብዙ መኪና ካለፈ በኋላ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ተናገረ። «ባለፈውም ጊዜ አይቼሻለሁ። እዚሁ ተቀምጠሽ ነበር። አውቶቡሱን ፊትሽ አቁሜ በሩን ከፈትኩልሽ። ቀና አላልሽም። ተሳፋሪው ‹እንሂድ እንጂ ሾፌር!› አለኝ። ዘጋሁና ሄድኩ።»

እነዚያን ሦስት ቀናት አስታወሰች። ማዕድ ላይ የተሳፋሪዎችን ጉድ እያወራ ሲያስቃት፣ የተበላሸውን ካውያዋን ሳትነግረው ሲጠግንላት፣ እሷ የደበቀችው መስሏት ነበር።

«እያወቅክ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ሦስቱን ቀን ፈልገሻቸዋል ብዬ ነዋ። ዛሬ ግን አልቻልኩም።»

ይሄኔ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እሱም አላባበላትም፤ እጇን ብቻ ያዘ።

እንባዋን ስትጠርግ አማቷ ትዝ አሏት። «እማዬስ?»

«እሷ የምታውቀው ቅዳሜን ነው» አለ።

አውቶቡስ መጣ፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር የባሏ እግርም አብሮ ይረግጣል። እሷ ትከሻው ላይ ተደግፋ እስከ ቤት ድረስ ዓይኗን ጨፈነች።

አማቷ በር ላይ ተቀበሏቸው። «ቁልፉን አገኘሽ ልጄ?»

ቁልፉን ፈጽማ ረስታዋለች። «አላገኘሁም እማዬ።»

«ግድ የለም፤ ግቢና እግርሽን ዘርግተሽ አረፍ በይ። ለመሆኑ ለቅዳሜ ስንት ቀን ቀረን?»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

«ሦስት ቀን፣ እማዬ» አለ ባሏ።