ሠላሳ ስድስቱ የኮሶዬ ገብሶች

ያ የገብስ ጥናት እኔን ያስከፈለኝ ሁለት በግ፣ አንድ ጋን ጠላና አንድ ወዳጅ ነው። በጎቹን ረስቻቸዋለሁ።

ጎንደር አራዳ የዘር እህል ሱቄን በከፈትኩበት ቀን መጀመሪያ የገባው ሰው ይልማ ነበር። ባሕር ማዶ ለሁለተኛ ዲግሪው ሰብል የሚያጠና፣ ለጥናቱ አገሩ የተመለሰ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ስንት ዓይነት ገብስ አለዎት?»

«ሁለት። የሚሸጥና የማይሸጥ።»

ሳቀ። ግን ጻፈው።

በጋውን ከአይከል እስከ ኮሶዬ በየገበያው አብሬው ዞርኩ። ሠላሳ ስድስት ዓይነት ሰበሰብን። እኔ ጥቁሩን ከነጩ እለያለሁ፤ እሱ የዛላውን ፍሬ ሳይቀር ይቆጥራል።

ክረምት ሲገባ ኮሶዬ ላይ አያ መርሻ ከሚባሉ ገበሬ መሬት ተከራየ። በሲባጎ ከፋፍሎ በየመደቡ አንድ ዓይነት ዘራ፤ ቁጥር የተጻፈበት እንጨትም ተከለ።

«ይሄ ሁሉ ድንበር ምነው? ገብሱ እንዳይጣላ ነው?» አሉ አያ መርሻ።

«የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ነው፣ አያ። የተፈቀደልኝ ይህ አንድ ምርት ብቻ ነው። ከተበላሸ ትምህርቴም አበቃ።»

ገብሱ ሲደርስ ሚዛንና ከረጢት ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄደ። በሳምንቱ ያለ ወቅቱ ሰማዩ ጠቆረ። አያ መርሻ ሱቄ ድረስ መጡ።

«ምነው ዝም አልህ፣ ካሳ? በረዶ ሊያወርድ ነው። የልጁ ገብስ ማለቁ ነው!»

«ደቦ ይጥሩ፤ ድግሱ በእኔ» አልኩ።

በአንድ ቀን አጨድነው፣ ሁሉንም አንድ ላይ ከመርነው፤ እኔም ማጭድ ይዣለሁ። እንጨቶቹን ነቅለን፣ በሥርዓት አስረን ክምሩ አጠገብ አቆምናቸው። ለየብቻ መዘራቱን አውቃለሁ፤ ለየብቻ ይታጨዳል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። በእኛ ዘንድ ቅልቅል ገብስ ሸጋ ዘር ነው፤ አንዱን ውርጭ ቢመታው ሌላው ይተርፋል። ዳመናው ወደ ደባርቅ አልፎ ሄደ።

ይልማ ሲመለስ ክምሩን ዞረው። እንጨቶቹን ቆጠረ፤ አንድም አልጎደለም።

«ማን አጨደው?»

«አገር ነው ያጨደልህ!» አሉ አያ መርሻ፣ ደስ ብሏቸው።

«ጋሼ ካሳ፣ እርስዎም ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

 ይልማ አንድ ዓመት እንዲጨመርለት ለዩኒቨርሲቲው ጻፈ፤ አይሆንም የሚል መልስ መጣ። እዚሁ ጎንደር ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በሱቄ በኩል ሲያልፍ ማዶ ማዶውን ይሄዳል።

ለአዲስ ነጋዴ የምለው ይህን ነው፦ የሰው ሥራ ከማገዝህ በፊት እንዴት እንደሚጨረስ ጠይቅ።

የአንድ ዓመት ድካም፣ ሠላሳ ስድስት ዓይነት ዘር፣ አንድ ክምር። ዲግሪ የለም።