የፈረስ ኮሌጅ

ልጅ ሳለሁ ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ ሰፈር ውስጥ፣ ከወደቡ አለፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል፣ ከሚያሳድጉኝ ከእትዬ ዘነበች ጋር እኖር ነበር። እናቴና አክስቴ ሰናይት በሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው ስለሚያድሩ ክፍሏ የምትሞላው ሐሙስ ማታ ነበር፤ ዓርብ እረፍታቸው ነዋ። ያኔ መብራት ሲጠፋና ማራገቢያው ዝም ሲል ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ይጋደማሉ፤ እትዬ ዘነበች ሻይ የጣዱበትን የከሰል ምድጃ በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ ተረት ይጀምራሉ።

የእሳቸው ተረት ደንብ ነበረው። መሃል ላይ ቆም ብለው «አመናችሁ?» ይላሉ። «አዎ» ያለች ጭኗን ትቆነጠጣለች። «እንዲህ ነው የሚበሉሽ!» ይላሉ፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው። እኔማ ገና የወተት ጥርሴን ሳልጨርስ ምንም የማላምን ልጅ ሆኜ አረፍኩት።

አንድ ሰሞን ማዕከላዊ ገበያ አካባቢ አንድ ሰውዬ መጥቷል ተባለ። አገር ቤት አዲስ የሙያ ኮሌጅ ተከፍቷል፣ ከስደት ለሚመለሱ በነፃ ያስተምራል እያለ ይመዘግባል። ትምህርቱ የሂሳብ አያያዝ፣ ግንባታ፣ ከዚያ ደግሞ በፈረስ እየተጋለበ የሚሠራ የከብት እርባታ ነው። ክፍሏ በሳቅ አውካካች። «ሂሳቡስ እሺ፣ ግንባታውም ይሁን፤ ከብት ለመጠበቅ ከመቼ ወዲህ ነው ኮሌጅ የሚገባው?» አለች እናቴ። እትዬ ዘነበች ግን አልሳቁም። ሰውዬው ለራሱ ምንም አለመጠየቁ ነው ያስደነገጣቸው። «የሚያስከፍል ደላላ ኪስሽን ነው የሚፈልገው፤ የማያስከፍለው አንቺን ነው» አሉ።

ሰናይት የአዊ ልጅ ናት፤ አባቷ ፈረሰኛ ነበሩ፣ እሷም ከኋላቸው ተፈናጥጣ ነው ያደገችው። ጅቡቲ ከመጣች ወዲህ ግን የአሠሪዎቿን ልጆች ስታጥብና ስታበላ ነበር የምትውለው። ለካ ከጓደኛዋ ከብርቱካን ጋር ተመዝግባ ኖሯል! ባቡሩ ዓርብ ጠዋት ከናጋድ ጣቢያ ይነሳል፤ ሻንጣዋ በሩ ሥር ቆሟል።

በዋዜማው እትዬ ዘነበች የጅቡን ተረት አመጡ። ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ በእሳቸው አፍ አስተማሪ ሆነ። ቁርበቱ ላይ ተጎልቶ ግልገሎቹን በነፃ መዘገበ፤ ለእያንዳንዷም ልቧ የሚሻውን ሰጣት፣ ለአንዷ ዝላይ፣ ለአንዷ ሩጫ። የምረቃው ቀን ከትምህርት ቤቱ የወጣው ጅቡ ብቻ ነበር፣ እሱም ሆዱ ተነፍቶ። «አመናችሁ?» አሉ፤ ዓይናቸው ሰናይት ላይ ነበር። ሰናይት ተነስታ ሻንጣዋን ወደ ጥግ መለሰችው። ብርቱካን ጠዋት ብቻዋን ሄደች፤ እናቴ እንደ ሞተ ሰው አለቀሰችላት።

ከወራት በኋላ ብርቱካን በቪዲዮ ደወለች። ኮፍያ አድርጋ ፈረስ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ከብቶች ይታያሉ። «ኧረ ሰናይት፣ ከመውደቅ በቀር ምንም አልደረሰብኝም!» እያለች ትስቃለች። እትዬ ዘነበች ስልኩን ተቀብለው ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት።

«ለፎቶ አስቀምጠዋት ይሆናል» አሉ።

ሰናይት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ እትዬ ዘነበች ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። «እኔንም አንዷ ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ ብላ ነው ያመጣችኝ። የሚጠረጥርልኝ ሰው አልነበረኝም።»

«ለእኔ ደግሞ በዛልኝ፣ እትዬ» አለች ሰናይት፣ ፊቷን ሳትመልስ። አልተቆጣችም፤ የባሰውም እሱ ነው።

እትዬ ዘነበች ካረፉ ቆዩ። ልወቅሳቸው አልችልም፤ አሳድገውኛል፣ እወዳቸው ነበር። ግን ሰው ደግ ነገር በነገረኝ ቁጥር ከኋላው ምን ተደብቋል እላለሁ። ይህ አመሌ ከምን እንዳዳነኝ አውቃለሁ፤ ምን እንዳስቀረብኝ ግን ማን ይነግረኛል?

በቅርቡ እዚሁ ከተማ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ልመዘገብ ሄጄ ደጁ ላይ ቀረሁ። የበሩን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩ፣ ዘበኛውን በጥያቄ አሰለቸሁት። አብራኝ የመጣችው ሰናይት ናት፤ ዛሬም እዚያው የተቀጠረችበት ቤት ነው የምትሠራው፣ አሠሪዎቿን ለምና ነበር የወጣችው። ጀርባዬን ገፋ አደረገችኝ።

«ግቢ በቃ! መጠርጠሩን ለእኔ ተዪልኝ፤ እዚሁ በሩ ላይ ነኝ።»