ኤውላሊያ ያስተማረችው ለቅሶ

የዚያ ዓመት መስከረም ከበረሃ በኩል የሚነሳው ደረቅ ነፋስ ሳምንት ሙሉ አላባራም ነበር። ከሆሊውድ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን ቦይል ሃይትስ ውስጥ የተዘጋ በር በራሱ ይከፈታል፣ የተሰጣ ልብስ ወዲያው ይደርቃል፣ ሰውም በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ኤውላሊያ አርባዮ ግን በዚያ ሁሉ ሙቀት እንደ ሙሽራ ነበረች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን በሆሊውድ ፊልሞች ውስጥ ትሪ ይዛ ስትገባና ስትወጣ ጨረሰችው። ስም ያላት ሴት ሆና ሠርታ አታውቅም። የተዋንያኑ ዝርዝር ላይ «ገረድ» ተብላ ትጻፋለች፤ ሲብስ ደግሞ «ሁለተኛዋ ገረድ»።

አሁን ግን ልጇ የተገደለባትን እናት ለመሆን ተፈትናለች። እናቲቱ ስም አላት፤ አራት ጊዜም ትናገራለች።

በፈተናው ቀን ኤውላሊያ የተሰጣትን ንግግር ትታ፣ እናቷ ድሮ በትውልድ አገራቸው በሶኖራ የኤውላሊያን ታናሽ ወንድም ስትቀብር ያደረገችውን አደረገች። መሬት ተቀምጣ ሟች ሆኖ የተጋደመውን ሰው ጫማ አወለቀች፣ ሶሉን በመዳፏ ጠረገችና «መንገዱን ለእኔ ተውልኝ ልጄ፣ አንተ ደክሞሃል» አለች። የካሜራው ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። የዳይሬክተሩ ረዳት ሚስተር ሃስኬልም እጇን ጨብጦ «ቦታው ያንቺ ነው» አላት።

ባሏ ሲልቬስትሬ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛው፣ ወሬ መያዝ አይችልም። በማግስቱ ዳቦ ቤት ገብቶ ለሁሉም አወራ።

«ከእንግዲህ ሚስቴን ስትጠሩ ከመቀመጫችሁ ተነስታችሁ ነው!»

«አንተስ ትሪውን ትይዝላታለህ?» አለችው ጎረቤታቸው ዶኛ ቶማሳ።

«እይዛለሁ! ነጭ ጓንት አጥልቄ!»

ከአሥር ቀን በኋላ ሃስኬል በዳቦ ቤቱ ስልክ አስጠራት።

«ኤውላሊያ፣ እንዳትቀየሚኝ። ገንዘብ የሚያወጡት ሰዎች የታወቀ ፊት ፈለጉ።»

«ማን ናት?»

ነገራት። ከባሕር ማዶ የመጣች፣ ወርቃማ ጸጉር ያላት ተዋናይት ናት።

«ቡናማ ቀለም እንቀባታለን፣ ጥቁር ሻርፕ ትከናነባለች። ያን የጫማውን ነገር ግን ሁላችንም ወደነዋል። መጥተሽ ብታስተምሪያትስ?»

ከኋላዋ ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ሁሉ ጆሯቸውን ጥለዋል። እምቢ ብትል ነገሩ እዚያው ሊወጣ ነው። «እመጣለሁ» ብላ ፈገግ እንዳለች ስልኩን ዘጋች።

ተዋናይቷ ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር። አልነበረችም። «በየትኛው እጅ ነው የምይዘው? እናትሽ ያኔ ወዴት ነበር የምታየው?» እያለች እንደ ተማሪ ትጠይቃለች። ኤውላሊያ ሁሉን አሳየቻት፤ አንዲት ነገር ብቻ ለራሷ ልታስቀር አስባ ነበር። እናቷ ከመናገሯ በፊት ጫማውን ጉንጯ ላይ አሳርፋው ነበር። በቀረጻው ቀን ግን ተዋናይቷን እንባ እምቢ አላት፤ ሠላሳ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

«ኤውላሊያ፣ የጎደለ ነገር አለ። እባክሽ።»

ኤውላሊያ ጫማውን ተቀብላ ጉንጯ ላይ አሳረፈችው። እሱንም ሰጠቻት። ከዚያ ሄዳ ከአልቃሾቹ ረድፍ ውስጥ ቆመች፤ ሻርፗ ፊቷን ሸፍኖታል።

ፊልሙ ሰፈር ሲደርስ ሲልቬስትሬ ሁለቴ ገብቶ አየው።

«የትኛዋ ነሽ አንቺ?»

«ከግራ ሦስተኛዋ።»

«እ፣ አይቼሻለሁ» አለ። አላያትም።

በሦስተኛው ዓመት ሲልቬስትሬ ሥራ ላይ ሳለ ልቡ ቆመ። አስከሬኑ ሳሎን እንዳረፈ ኤውላሊያ መሬት ተቀመጠች። የክት ጫማውን ፈታች፣ ሶሉን ጠረገች፣ ጉንጯ ላይ አሳረፈች። ልትናገር አፏን ስትከፍት በሩ አጠገብ አንዲት ልጃገረድ ስታንሾካሽክ ሰማች።

«ውይ፣ ልክ ፊልሙ ላይ እንዳለችው ሴትዮ! ከዚያ አይታ እኮ ነው።»

«እስ! አፍሽን ያዢ!» አለቻት ዶኛ ቶማሳ። ኤውላሊያ ቀና ብላ ስታይ ግን ሁሉም ፊት ላይ ያው ነው፤ ሲኒማ ቤት የተቀመጡ ይመስላሉ፣ የሚቀጥለውን ቃል ያውቁታል።

ኤውላሊያ ጫማውን መልሳ አጠለቀችለት፣ ክሩንም አሰረችው። ቃሉን አልተናገረችም። ለሟች የሚጸለይባቸው ዘጠኙ ቀናት እስኪያልቁ አንድም ድምፅ አላሰማችም። ሰዎች «ጨካኝ ናት፣ ለባሏ እንኳ አላለቀሰችም» አሉ።

ሆሊውድ ደግማ አልሄደችም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤታቸው ፈርሶ አውራ ጎዳና ሲያልፍበት ዕቃዋን ጭና ወጣች። መጨረሻ ላይ እስከሚታወቀው ድረስ የምትኖረው ፎንታና ከተማ፣ የእህቷ ልጅ ግቢ ውስጥ፣ ከጋራዡ ኋላ ባለችው ክፍል ነበር።